ለሦስተኛ ጊዜ ስለተራዘመው የሲስተም ዕድሳት ለተቋማችን አመራር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ ኃላፊ
ለግዢ ዳይሬክቶሬት
ለጨረታ ዝርዝር መግለጫ አዘጋጅ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የአፕሊኬሽን ሰርቨሩ ዕድሳት መራዘሙንና የአዲሱን ጨረታ ዝርዝር መግለጫ ይመለከታል

ክቡራን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ የቁጠባና የብድር ሲስተሙን የምንጠግን አራት ባለሙያዎች ነን። ቅርንጫፍ ውስጥ መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ስልኩ የሚደወለው ለእኛ ነው። ሰሞኑን የደረሰን የውስጥ ማስታወሻ ሁለት ውሳኔዎችን ይዟል። የመጀመሪያው፣ የአፕሊኬሽን ሰርቨሩ (ሲስተሙን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ዕድሳት ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት መዛወሩ ነው፤ ሲዛወር ይህ ሦስተኛው ነው። ሌላው ደግሞ ወደፊት ለሚገዛው ሲስተም የጨረታ መግለጫ መዘጋጀቱ ነው። መግለጫው የአንድን ኩባንያ ምርት በስሙና በእትም ቁጥሩ ጠርቶ «ይህ ወይም ከዚህ የላቀ» ይላል። ሲዘጋጅ ከክፍላችን የተጠየቀ ሰው የለም።

በሥራ መስመር ሁለት ጊዜ ጽፈን መልስ አላገኘንም። በሌሎች ተቋማት ያሉ የሙያ ጓደኞቻችንም ይህንኑ ችግር ስለሚያወሩን፣ እነሱም ያነቡት ዘንድ ደብዳቤውን ግልጽ አድርገነዋል። የተቋሙንም የአቅራቢውንም ስም ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ ለማን እንደተጻፈ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቅሬታችን እንዲገባ መጀመሪያ የገዛነው ምን እንደሆነ ማንሳት አለብን። ሲስተማችን የተሠራው ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫ ኢኢ በሚባለው የጋራ ደረጃ ላይ ነው። አንዲት ደንበኛ ከቁጠባዋ 3,000 ብር ወደ ብድር ክፍያዋ ስታዛውር፣ ከአንዱ ሒሳብ መቀነሱና በሌላው ላይ መደመሩ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሊቀር አይገባም። ይህን ጥንቃቄ እያንዳንዱ ፕሮግራመር ከባዶ ከሚጽፈው ሰርቨሩ ይሥራው፣ ሰርቨሩ የሚታዘዝበት ቃል ደግሞ በሁሉም አምራች ዘንድ አንድ ይሁን ተባለ። ወረፋ የሚጠብቁ መልእክቶችም፣ የዳታቤዝ ግንኙነትም፣ የተጠቃሚ ፈቃድም፣ የዌብ ገጹም በዚሁ መንገድ ተደነገጉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1999 ጄቱኢኢ (የኋላው ጃቫ ኢኢ) በሚል ስም የወጣው ደረጃ ይህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሸክም ነበር። ከመካከላችን አንጋፋው ባልደረባችን አንዲት ትንሽ ስሌት ለማስገባት ሦስት ፋይልና አንድ ረጅም የማዋቀሪያ ጽሑፍ (ኤክስኤምኤል) ይጽፍ የነበረበትን ዘመን እስከ ዛሬ እያማረረ ያነሳዋል። በ2006 (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የወጣው ጃቫ ኢኢ 5 ያን ሁሉ በአንድ መስመር ምልክት ተካው። ለገዢ ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ በደረጃው ቃል ከተጻፈ፣ ደረጃውን የሚያከብር ማንኛውም ሰርቨር ያስኬደዋል። ዌብሎጂክ፣ ዌብስፊር፣ ጄቦስ፣ ግላስፊሽ ሁሉም ለዚያው ቃል ይታዘዛሉ፤ በዋጋና በጠባይ ይለያያሉ። ገዢ ሻጩን የመቀየር መብት ይኖረዋል ማለት ነው። ደረጃው ለገንዘብ ተቋም ያለው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ይህን መብት ውሉን በፈረምን ቀን አሳልፈን ሰጠነው። በውሉ ላይ «በጃቫ ኢኢ የተሠራ» የሚል አለ፤ «ከደረጃው ውጭ የሰርቨሩን የራሱን ክፍሎች አይጠቀምም» የሚል ግን የለም። አቅራቢው የሌሊቱን የወለድ ስሌት ሰዓት የሚያስጠብቀው በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ በሚገኝ ክፍል ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አሮጌ ማሽን አጽድተን ሲስተሙን ክፍት በሆነው፣ በነፃ በሚገኘው ዋይልድፍላይ በተባለ ሰርቨር ላይ ለማስነሳት ሞከርን። እኛ የጻፍናቸው ስክሪኖችና ሪፖርቶች ያለ ብዙ ጣጣ ተነሱ። ሳይነሱ የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሌሊቱ ስሌት፣ የመልእክት ወረፋዎቹ ስምና የመግቢያ ፈቃዱ። ሦስቱም ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመር የሚያነበውና የሚያርመው ጽሑፍ) በሌለን የአቅራቢው ዋና ሞጁል ውስጥ ናቸው። እጃችን ላይ ያለው የተጠቀለለ ጃር ፋይል፣ ማለትም ለማሽን ተተርጉሞ የታሸገው ፕሮግራም፣ ብቻ ነው። አቅራቢውን ስንጠይቅ ሶርስ ኮዱ ንብረቱ እንደሆነ አስታወሰን፤ ውሉን ስናየው እውነቱን ነው። ያጠፋው እሱ ሳይሆን አንብበን የፈረምነው እኛ ነን።

አሁን ጊዜ የማይሰጠው ጉዳይ ላይ እንምጣ። ማስታወሻው «ሲስተሙ እየሠራ ስለሆነ ዕድሳቱ አስቸኳይ አይደለም» ይላል። አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ።

የሶፍትዌር ኩባንያው ኦራክል በ2010 የጃቫን ፈጣሪ ሰን ማይክሮሲስተምስን ሲገዛ ጃቫንም ይህንንም ደረጃ አብሮ ወረሰ። ጃቫ ኢኢ 7 በ2013 ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ተንቀራፈፈ። በ2016 ተጠቃሚዎች ተሰባስበው የተቃውሞ ፊርማ እስከ ማሰባሰብ ደረሱ። በ2017 ጃቫ ኢኢ 8 ሲወጣ ኦራክል ደረጃውን ለትርፍ ላልተቋቋመው ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን እንደሚያስረክብ አስታወቀ፤ በ2018 መጀመሪያ በድምፅ ብልጫ ጃካርታ ኢኢ የሚል አዲስ ስም ወጣለት። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። በሜይ 2019 ግን ሁለቱ ወገኖች በንግድ ስሙ ላይ ሊስማሙ እንዳልቻሉ ተገለጸ፤ በኮዱ ውስጥ «ጃቫክስ» እየተባሉ የሚጠሩትን የደረጃውን ክፍሎች ኤክሊፕስ በዚያው ስም ማሻሻል አይችልም ተባለ። በመሆኑም በዲሴምበር 2020 የወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 ምንም አዲስ ነገር ሳይጨምር ስሙን ብቻ «ጃቫክስ» ከሚለው ወደ «ጃካርታ» ቀየረ።

የስም ለውጥ ብቻ ከሆነ ምን ያስጨንቃል ትሉ ይሆናል። ለኮምፒውተር ስም ሁሉ ነገር ነው። በአሮጌው ስም የተጻፈ ፕሮግራም በአዲሱ ሰርቨር ላይ አይነሳም፤ ሰርቨሩ አያውቀውም። በዙሪያችን ያሉት መሣሪያዎች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ስም ተሻግረዋል። ቶምካት ከ10ኛው እትሙ ጀምሮ በአዲሱ ስም ነው። ስፕሪንግ 6 በኖቬምበር 2022 ሲወጣ ጃቫ 17ንና አዲሱን ስም ግዴታ አደረገ። ጃካርታ ኢኢ 10 በ2022፣ 11 ደግሞ በ2025 ወጥተዋል። እኛ ያለነው በጃቫ ኢኢ 7 እና በጃቫ 8 ላይ ነው። አንድ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የፕሮግራም ክፍል) ቀዳዳ ተገኝቶበት ሲጠገን፣ ጥገናው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እኛ ለማንችለው እትም ነው። ዕድሳቱ በተራዘመ ቁጥር በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ አንድ ዓመት ማራዘም የአንድ ዓመት ሥራ ብቻ ጨምሮ አያልፍም።

ስሙን መቀየር በራሱ የሚከብድ እንዳይመስላችሁ። ይህን የሚሠሩ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። አዲስ የመጣው ወጣት ባልደረባችን በአንድ ከሰዓት በኋላ «ሁሉንም ፈልገህ ተካ» ብሎ ሊጨርሰው ሞክሮ ነበር። ሲስተሙ አልነሳም። የዳታቤዙን፣ የምስጠራውንና የስም ማውጫውን የመሳሰሉት «ጃቫክስ» የጃቫ የራሱ ስለሆኑ አይቀየሩም። የትራንዛክሽኑ ክፍል ደግሞ አንዱ ቅርንጫፉ ተቀይሮ ሌላው በአሮጌው ስም ይቀራል። ሳቅንበት፣ አስተካከልንለት፣ በአንድ ሳምንት የራሳችን ኮድ በሙከራ ማሽኑ ላይ ተሻገረ። ያልተሻገረው ያው የአቅራቢው የተጠቀለለ ጃር ነው። ስለዚህ «ሥራው ከአቅማችሁ በላይ ነው» የሚለውን የማስታወሻውን ሐረግ አንቀበለውም። ከአቅማችን በላይ የሆነው ውሉ ነው።

ደኅንነትን በተመለከተ አንድ ሌሊት እናስታውሳችሁ። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በሚባለው፣ ግማሽ ዓለም በሚጠቀምበት የጃቫ መዝገብ ጻፊ ውስጥ ቀዳዳ መኖሩ ታወቀ። አንድ ሰው በመግቢያ ሣጥኑ ላይ ተንኮል ያዘለ ጽሑፍ በመጻፍ ብቻ ሰርቨሩን የራሱን ፕሮግራም እንዲያስኬድ ማዘዝ ይችል ነበር። በአቅራቢው ሞጁል ውስጥ ላይብረሪው እንዳለ ቅዳሜ ማታ አገኘነው። አቅራቢው የጥገና ውላችን ማለቁን ገልጾ አዲስ የዋጋ ማቅረቢያ ላከልን። እኛ ጃሩን እንደ ዚፕ ፋይል ከፍተን አደገኛውን አንድ ክፍል በእጃችን ሰርዘን መልሰን ጠቀለልነው። እሑድ ንጋት ላይ ሪስታርት አድርገን እስኪነሳ ድረስ አራታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ነበር። ተሳካ። ሆኖም የሌላ ሰው ጃር ቀዶ መስፋት የገንዘብ ተቋም የሚተዳደርበት አሠራር አይደለም። በዚያን ጊዜ የጻፍነው ሪፖርት «ደርሶናል» ተብሎ ማኅተም ተመቶበት ፋይል ውስጥ ገብቷል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ኢኩዊፋክስ የተባለው የብድር መረጃ ኩባንያ የተዘረፈው ስትረትስ በሚባል የጃቫ መሣሪያ ቀዳዳ በኩል ነበር። ፓቹ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና) በማርች ወጥቷል፤ ሌቦቹ የገቡት በሜይ ነው። የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ወጣ። በዚያ መሃል ያለው የሁለት ወር ዝምታ ነው። የእኛ ዝምታ በዓመታት ይቆጠራል።

ወጪውን ግዢ ክፍሉ ከእኛ በተሻለ ያውቃል፤ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በጨረታ መግለጫው ውስጥ የገባው የኦራክል ጃቫ ድጋፍ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የሚሰላው በተቋሙ ጠቅላላ የሠራተኛ ቁጥር ነው። ጃቫ ነክቶ የማያውቀው የጥበቃ ሠራተኛም ይቆጠራል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። ያንኑ ጃቫ በነፃ የሚያቀርቡ ሌሎች ምንጮች አሉ፤ ቴሙሪን አንዱ ነው፣ ለጃቫ 8 ሳይቀር ፓች ያወጣል። በሙከራ ማሽኑ ላይ የምንጠቀመው እሱን ነው፤ ልዩነት አላየንም።

ከኮሚቴው መቅረታችን ያስከፋን ለክብር ብለን አይደለም። መግለጫው ውስጥ የጎደሉትን ስታዩ ምክንያቱ ይገባችኋል። የጎደለው ደግሞ ከቅርንጫፍ ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብሎ የማያውቅ ሰው የማያስበው ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አንዲት ደንበኛ የብድር ውል ልትፈርም መጥታ ሲስተሙ ቀኑን አልቀበልም አለ። የአቅራቢው ስክሪን ከ12ኛ ወር በላይ አያውቅም። ሠራተኛዋ ነሐሴ 30 ብላ አስገባች፤ ወለዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሰበ፤ ደንበኛዋ አቤት አለች፤ በእጅ አስተካከልን። ጃቫ 8 ሲወጣ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሒጅራን አቆጣጠር ይዞ መጣ፤ የእኛን አልያዘም፤ በዚህ ማንንም አንከስም። አይሲዩፎርጄ የሚባለው ነፃ ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ በራሳችን ስክሪኖች ላይ አስገብተነዋል። በአዲሱ መግለጫ ውስጥ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር የሚል ቃል የለም። ሐምሌ 1 የሚጀምር በጀት ዓመትም የለም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ መስክ አለ፤ ቅርንጫፍ ላይ በዚያ ቦታ አንዱ የአባት ሌላው የአያት ስም እየሞላ ያንኑ ሰው ሁለት ደንበኛ እንዳደረገው ከአሁኑ ሲስተም ተምረን ነበር። ዐለሙ እና አለሙ ብሎ ሲፈለግ አንድ ሰው እንዲመጣ የሚያዝ መስመርም የለም። የግዕዝ ፊደሉ በዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የቀረባቸውን የድሮ መዝገቦች ያጸዳነው እኛ ስለሆንን ይህ እንዲደገም አንፈልግም።

በአንጻሩ መግለጫው «በማይክሮሰርቪስ የተሠራ መሆን አለበት» ይላል፤ ከአንድ የሽያጭ ብሮሹር ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፣ ብሮሹሩ እኛም ጋ አለ። ሲስተሙን ሠላሳ ቦታ ቆራርጦ የሚያስተዳድር ሠላሳ ሰው ካለን መልካም ነው። አራት ነን።

በስብሰባ ላይ የሚነሳብንን ክርክር እናውቀዋለን፦ «ነፃ ሰርቨር ላይ ችግር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፣ ክፍት ለሆኑት ሰርቨሮችም የሚከፈልበት ድጋፍ አለ፤ ጄቦስ፣ ኦፕን ሊበርቲና ፓያራ ሁሉም የድጋፍ ውል ይሸጣሉ። ገንዘብ መክፈል ደግሞ በራሱ ዋስትና አይሆንም። የደረጃው ዋና ማሳያ የነበረው ግላስፊሽ የንግድ ድጋፉ እንደሚቋረጥ በ2013 በአንድ ማስታወቂያ ተነገረው። ያን ጊዜ ያልተቸገሩት ኮዳቸውን በደረጃው ቃል የጻፉት ናቸው፤ ሰርቨር ቀይረው ቀጠሉ።

ስለሆነም የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የጨረታ መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ይያዝልን። የምርት ስም ይውጣና «የጃካርታ ኢኢ 10 ወይም 11ን የተኳኋኝነት ፈተና ያለፈ ሰርቨር» በሚለው ይተካ። በርክክብ ዕለት አቅራቢው ሲስተሙን በሁለት የተለያዩ አምራቾች ሰርቨር ላይ እኛ ባለንበት አስነስቶ ያሳይ። አንድ ሙሉ የብድር ዑደት፣ ከጥያቄ እስከ መዝጊያ፣ በሁለቱም ላይ ይሂድ፤ ከጳጉሜ ቀኖች በአንዱ ላይ የሚወድቅ ክፍያም ይኑርበት። ይህን ማሳየት የማይችል አቅራቢ ርካሽ ቢሆንም አይለፍ።

ሶርስ ኮዱና ሲስተሙ ከሶርስ ኮዱ የሚገነባበት መመሪያ የርክክቡ አካል ይሁን። አቅራቢው ካልፈቀደ በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ ይቀመጥና ድጋፍ ሲያቋርጥ እንዲሰጠን በውሉ ይጻፍ። ለአሁኑ ሲስተም ደግሞ ሕግ ክፍሉ አቅራቢውን ስለዚያ አንድ ሞጁል ብቻ ያነጋግርልን።

አዲሱ ሲስተም እስኪመጣ ዓመታት ማለፋቸው ስለማይቀር፣ የአሁኑ ዕድሳት በዚህ በጀት ዓመት ይጀመር። የሚያስፈልገን ከፕሮዳክሽኑ (ሥራ ላይ ካለው ማሽን) ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የሙከራ ማሽን ነው፤ አዲስ ሰው አልጠየቅንም። ከግንቦት እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ግን ማንም ሲስተሙን እንዳይነካ፣ ሒሳብ የሚዘጋበት ወቅት ነው።

ከአራታችን ሁለቱ፣ ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችም ቢያንስ አንድ፣ በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው።

የዚህ ደብዳቤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሰጠን። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው የታኅሣሥ ቅዳሜ ሌሊት ስልክ ሲደወልልን ለቅርንጫፎቹ የምንለውን እንድናውቅ።

ከሰላምታ ጋር፣

ከፍተኛ የሲስተም ባለሙያ
የቁጠባና ብድር ሲስተም ልማትና ጥገና ክፍል ባልደረቦችን በመወከል

ግልባጭ፦
ለውስጥ ኦዲት አገልግሎት
ለሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት